የቀዳዳው ኪሎ

ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣
ሚዛን አቁሜ ኖርኩ፣ ብረት ሲወጣ ሲገባ፤
ሃያ ሰባት ዓመት። ኢብሬ እባላለሁ።
ምድጃ፣ ራዲያተር፣ የአልጋ ሽቦ እገዛለሁ፣
በጋሪ ተስቦ፣ በከረጢት ታጭቆ፣
ዝገቱ እንደ በርበሬ በመዳፍ ተጣብቆ።

እውነቱን ላውጋችሁ፣ ከሚዛን ፊት አይዋሽም፣
እንደ ጦርነት ያለ ብረት አቅራቢ የለም።
በሐረጎ ጠመዝማዛ የወጣ የወረደው ሠራዊት
እያሳደደም እየሸሸም ጥሎ አልፏል የእኔን ሀብት።

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ መሠረት ሲቆፈር፣
የጣሊያን ቦምብ ሆዱ ወጣ፣ ከነጭቃው፣ ከነአፈር።
አያቴ ያኔ ልጅ ነበረ፤ ሰማይ ላይ የሚያጓራውን
አሞራ መስሎት፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ቆሞ አየው አሉ።
አሞራው ምን እንደጣለ አባቴ ጨርሶልኝ አያውቅም፤
እዚያ ላይ ሲደርስ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።
አሥራ አራት ኪሎ ወጣ። አፈሩን አራግፌ ከፈልኩ።

የታንክ ሰንሰለት መጣልኝ ደግሞ፣ በአህያ ተጎትቶ፣
በየመገጣጠሚያው ሣር በቅሎበት፣ ጉንዳን ቤቱን ሠርቶ።
ያመጣው ሰው ምርኩዙን ከግድግዳው አስደግፎ፣
"አብረን ነበር የዘመትነው፣" አለኝ፣
"እሱ ሙሉውን ገባ።"

ምክንያቱን ብትጠይቁኝ፣ ብረት አይናገርም።
አንዱ ለድንበር ይላል፣ አንዱ ለክብር፣ አንዱ ለወንበር፤
አንዱ በምሳ ሰዓት፣ እንደ ቀልድ የተነገረ ነገር
እስከ እራት ድረስ ከተማ አቃጠለ።
ዝገታቸው ግን አንድ ነው። በሳሙና አይለቅም።

የቅርቡን ልጆች አመጡልኝ፣
ደብተር ከቦርሳቸው አውጥተው ቀለህ ሞልተውበት።
ነሐስ ከብረት ይወደዳል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ
ማባዛትን ከእኔ ተማሩ።

ሁሉም ወደ ማቅለጫው ይጫናል፤ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል።
አዲሱ ፎቅ ውስጥ ቆሟል። ሌሊት ግድግዳው ሲንቋቋ
ተከራዩ "ብርዱ ነው" ብሎ ይገለበጣል።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ጦይባ መጡ፣ ከቦሩ ሜዳ፣
የላሜራ በር በሁለት ጎረምሳ አሸክመው።
"መዝነው።"
አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል።
"ቀዳዳውንስ?"
ጣታቸውን እየሰደዱ ቆጠሩልኝ፤ አሥራ ሰባት።
"ይሄ ከፍ ያለው አባትየውን ነው፣ ሊከፍት ተነስቶ።
ይሄ ዝቅ ያለው ሙህዲንን፤ ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲያስር።
የቀሩት አሥራ አምስቱ ለማንም አልነበሩም።
እንዲያው ነው የተኮሱት።
በሩን ስገዛው ድፍን ነበር፤ የከፈልኩት ለድፍኑ ነው።
የጎደለውን ማን ይመዝንልኛል?"

"እናቴ፣ ቀዳዳ ኪሎ የለውም፣" አልኩ።
ቃሉ ከአፌ ሳይርቅ አፈርኩ።
የድፍን ዋጋ ሰጠኋቸው።
ሳይቆጥሩ በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት፣
በሩን አንዴ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ሄዱ።

ወደ ማቅለጫ አልላክሁትም።
ከመጋዘኑ ደጃፍ፣ በምሥራቅ በኩል አቁሜዋለሁ።
ረፋድ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የምታህል ብርሃን
አሥራ ሰባት ሆና ትገባለች፤
ከምድጃው ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ ሚዛኑ
ቀስ እያለች ትሄዳለች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ
ሥራ አቁሜ መርፌውን አያለሁ።
ዜሮ።
አንድ ቀን ተበላሽቶ እንደሆን ብዬ አንኳኳሁት።
ዜሮ።

ትናንት ብርሃኗ ገና ሳትወርድ
አንድ ልጅ በሩን ታኮ ቆመ፣
ከረጢቱን እያንሿሿ፦
"ጋሼ ኢብሬ፣ ነሐስ ዛሬ ስንት ገባ?"